ውሉ መቼ ያልቃል? የውጭ መንግሥታት እጅና የዩኒቨርሲቲ ነፃነት

ድሬ ዳዋ የውል ልጅ ናት። በ1886 ዓ.ም ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከጂቡቲ ወደ መሀል አገር የምድር ባቡር እንዲዘረጋ ሲፈቅዱለት፣ የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ከተራራው ግርጌ ሲደርስ የኩባንያው ገንዘብ አለቀና ሥራው ለጥቂት ዓመታት ቆመ፤ በቆመበትም ስፍራ ይህች ከተማ ተቈረቈረች።

ኩባንያው የፈረንሳዮች ስለ ነበረ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። መዝገብ የሚጻፈው፣ ትእዛዝ የሚተላለፈው፣ ሠራተኛው ከአለቃው ጋር የሚነጋገረው በፈረንሳይኛ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የምንጠራው ለገሀር እንኳ ባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው ላ ጋር ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ማንም ሰው አዋጅ አውጥቶ ፈረንሳይኛ ተማሩ አላለም፤ እንጀራ የሚገኘው በዚያ ቋንቋ ስለ ነበረ ሰው ሁሉ በየአቅሙ ተማረው። የውጭ አገር መንግሥት ተጽዕኖ የሚባለው ነገርም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው እንዲህ ነው፤ ጥይት ሳያስጮኽ በደመወዝ በኩል ይገባል።

ኢትዮጵያ የዚህን ኩባንያ እኩሌታ ድርሻ ያገኘችው በ1952 ዓ.ም በተደረገው ስምምነት ነው። ከምኒልክ ፈቃድ እስከዚያ ድረስ 66 ዓመት ተቈጥሯል።

አሁን ደግሞ ዓይናችንን ከባቡር ጣቢያው አንሥተን ወደ ተራራው እናድርግ። ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ የደንገጎን ዳገት ጨርሶ፣ በጠቅላላው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ፣ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው ታላቅ ትምህርት ቤት ይደርሳል። ይህም ትምህርት ቤት እንደ ከተማይቱ የውል ልጅ ነው። የውሉ ዘመን ግን 16 ዓመት ብቻ ነበር። ከታች ባለው የ99 ዓመት ውልና ከላይ ባለው የ16 ዓመት ውል መካከል ያለው ልዩነት፣ ዛሬ የዓለምን ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሚያነጋግረውን አንድ ጉዳይ ለመመዘን ጥሩ ሚዛን ይሆነናል ብለን እናምናለን።

ጉዳዩም ይህ ነው። አንድ መንግሥት በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገንዘቡን፣ መምህሩንና መጽሐፉን ሲያስገባ የሚሰጠው ምንድን ነው? የሚወስደውስ? ጥያቄው ለኛ የሩቅ ነገር አይደለም። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ተማሪዎች ብዙዎቹ ነገ በቻይና፣ በቱርክ፣ በህንድ፣ በሃንጋሪ ወይም በሌላ መንግሥት ወጪ ለመማር ማመልከቻ ይጽፋሉ። ከወጣቶቹ የመንግሥት ሠራተኞችም አንዳንዶቹ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመግባቢያ ሰነድ በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ ምን ብለው እንደሚጠይቁ ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።

ከኦክላሆማ እስከ አለማያ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በጥር 1941 ዓ.ም ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ባደረጉት ንግግር፣ በአራተኛው ነጥብ ላይ አሜሪካ የሳይንስና የቴክኒክ ዕውቀቷን ላልበለጸጉ አገሮች እንደምታካፍል ተናገሩ። ፖይንት ፎር የሚባለው የእርዳታ ድርጅት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ድርጅቱን እንዲመሩ የተሾሙት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ዶክተር ቤኔት ቀደም ብለው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ስለ እርሻ ትምህርት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋግረው ነበር። ሆኖም የሐሳባቸውን ፍጻሜ ሳያዩ በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም በኢራን አገር በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በግንቦት 1944 ዓ.ም፣ ኮሌጃቸው ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ውሉን ተዋዋለ።

ትምህርቱ መጀመሪያ በጅማ ተጀመረ። በ1949 ዓ.ም ኮሌጁ ወደ አለማያ ተዛወረ፤ በጥር 1950 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተመረቀ። እርሳቸውም ከዚህ በፊት በሰኔ 1946 ዓ.ም አሜሪካን በጐበኙ ጊዜ ስቲልዎተር ከተማ ድረስ ሄደው የእናት ኮሌጁን ግቢ አይተው ነበር።

ከኦክላሆማ የመጣው ገንዘብና መምህር ብቻ አልነበረም፤ ሐሳብም አብሮ መጥቷል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጡት ሕግ መሠረት በየግዛቱ ያቋቋሟቸው የእርሻ ኮሌጆች ሦስት ሥራ ባንድነት ይሠራሉ። ተማሪ ያስተምራሉ፤ በሙከራ ጣቢያ ምርምር ያደርጋሉ፤ የምርምሩን ፍሬ እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ ያደርሳሉ። የአለማያ ኮሌጅ የተተከለው በዚሁ ዐቅድ ነው። በደብረ ዘይት የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ጣቢያም የዚሁ ሥራ ክፍል ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ግን የመምህራኑ አተካክ ነው። ከአሜሪካ የመጡት መምህራን በሚያስተምሩበት ጊዜ፣ ከተመራቂዎቹ መካከል የተመረጡት ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ከፍተኛ ትምህርት ይማሩ ነበር። ሲመለሱም የመምህሮቻቸውን ወንበር ይረከባሉ። ስለዚህ ውሉ በ1960 ዓ.ም ሲያልቅ የኦክላሆማ ሰዎች ዕቃቸውን አስረው ሄዱ፤ ኮሌጁ ግን በነጋታው ትምህርቱን ቀጠለ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም፣ ደርግ ከአሜሪካ ጋር ተጣልቶ የወታደራዊ እርዳታውንና የማስታወቂያውን ጽሕፈት ቤቶች ሲያዘጋ፣ አለማያ የሚዘጋበት ምክንያት አልነበረም። የውጭ ሰው ተክሎት የአገር ሰው የተረከበው ዛፍ ስለ ሆነ የፖለቲካው ነፋስ አልነቀለውም።

ፍሬውን ለማየት አንድ ሰው እንጥቀስ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የተወለዱት በወሎንኮሚ አጠገብ በምትገኝ የገጠር መንደር ነው። በኦክላሆማው ውል በተቋቋመው በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1965 ዓ.ም ከአለማያ ኮሌጅ ተመረቁ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ዘር ምርምር አጠኑ። በሱዳን አገር በሠሩበት ጊዜ ሐጊን ዱራ 1 የተባለውን ድርቅ የሚችል ድቅል ማሽላ አስገኙ። በኋላም የአፍሪቃን ገበሬ የሚያራቁተውን አቀንጭራ የሚቋቋም የማሽላ ዘር አፈለቁ። ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። በአለማያ ዙሪያ ያለው ገበሬ ማሽላ ዘሪ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው።

ነገሩን በሌላ ዓይን

ይሁን እንጂ ያለ ዋጋ የሚሰጥ የለም። አሜሪካ ፖይንት ፎርን ያቋቋመችው በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ነው፤ ዕውቀት ማካፈሏ ወዳጅ ማፍራትም ነበር። አለማያ በሚቋቋምበት በዚያው ዘመን፣ በግንቦት 1945 ዓ.ም፣ በአሥመራ ስላለው የቃኘው የሬዲዮ ጣቢያ የሚናገረው የጦር ሰፈር ስምምነት ከአሜሪካ ጋር ተፈርሟል። የኮሌጁ ውልና የጦር ሰፈሩ ውል ሁለት ልዩ ልዩ ወረቀቶች ቢሆኑም ባንድ ዘመን የተጻፉ፣ ባንድ ወዳጅነት ውስጥ የተወለዱ ናቸው።

የኮሌጁም ሥራ ቢሆን እንከን አላጣውም። መማሪያ መጻሕፍቱ የአሜሪካን እርሻ የሚተርኩ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ገበሬው ግን በኦሮምኛ የሚነጋገር ነበር። ከሦስቱ ሥራዎች አንዱ፣ ማለት ምርምሩን ለገበሬ የማድረሱ ተግባር፣ በነሐሴ 1955 ዓ.ም ከኮሌጁ ተወስዶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። እንግዲህ ከኦክላሆማ የመጣው ዐቅድ አንድ እግሩ ከሌላ ቤት ቀረ ማለት ነው። ከውጭ የተቀዳ ሥርዓት በአገር ቤት ከሚገኘው አስተዳደር ጋር ካልተጋባ፣ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን በሙሉ አይሠራም።

በዚያን ዘመን የነበረው የኢትዮጵያ መንግሥት አንድ ብልሃት ነበረው፤ ሁሉንም ቤት ለአንድ እንግዳ አላከራየም። አዲስ አበባ የሚገኘውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁት የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። የሕንፃ ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም ከስዊድን መንግሥት ጋር ተቋቋመ። በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሥራ የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካ አብረው ገቡ። የባሕር ዳሩ ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተከፈተ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በዓለም ላይ ሲፎካከሩ፣ በኛ አገር አንዱ ግብርና ሌላው መካኒክነት ያስተምር ነበር። አንድ ወዳጅ ብቻ ያለው ሰው ያ ወዳጁ ሲያኮርፍ ብቻውን እንደሚቀር የዚያን ጊዜ ሰዎች የተረዱት ይመስለናል።

ተጽዕኖ ደግሞ ሁልጊዜ ባለገንዘቡ ባሰበው መንገድ አይሄድም። ከ1951 ዓ.ም ጀምሮ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሌሎች የአፍሪቃ አገሮች ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጡ። ሐሳባቸው የኢትዮጵያን ክብር በአፍሪቃ ከፍ ማድረግ ነበር። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡት ተማሪዎች ግን የነፃነት ትግልና የፖለቲካ ክርክር ይዘው መጡ፤ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ከእነርሱ ጋር ባንድ ማዕድ ተቀምጠው መጠየቅን ተማሩ። እንደዚሁም ከ270 በላይ የሚሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች በ1955 ዓ.ም መጀመሪያ ኢትዮጵያ ገብተው ማስተማር ጀመሩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቈይ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የሰላም ጓድ ይውጣልን እያሉ ይጮኹ ነበር። በአሜሪካ እርዳታ ከተሠራውና በኬኔዲ ስም ከተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ወጥተው አሜሪካን የሚቃወም መፈክር የሚያሰሙ ተማሪዎች እንደ ነበሩ ማሰብ ነው። ገንዘብ ሕንፃ ሊሠራ ይችላል፤ የወጣት ልብ ግን ከሕንፃው ጋር አብሮ ተገዝቶ አይመጣም።

የተሰወረ እጅ

እስካሁን የተናገርነው በግልጽ ስለ ተፈረመ ውል ነው። እጁ ሲሰወር ደግሞ ምን እንደሚሆን ከባሕር ማዶ ሁለት ሦስት ምሳሌ እናቅርብ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ራምፓርትስ የሚባል የአሜሪካ መጽሔት አንድ ምሥጢር አወጣ። የአሜሪካ ብሔራዊ የተማሪዎች ማኅበር ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከስለላ ድርጅቱ ከሲ.አይ.ኤ. በሥውር ገንዘብ ሲቀበል መኖሩ ታወቀ። ገንዘቡ በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ስም እየዞረ ስለሚመጣ የሚያውቁት ጥቂት መሪዎች ብቻ ነበሩ። ማኅበሩ በየአህጉሩ ከሚገኙ ተማሪዎች ጋር ይጻጻፍ፣ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ይካፈል ነበርና፣ ወሬው ሲሰማ በቅንነት የሠሩት አባሎቹ ሁሉ ተጠረጠሩ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቋቋሙት ኮሚቴ መንግሥት ለትምህርትና ለበጎ ፈቃድ ማኅበሮች በሥውር ገንዘብ መስጠቱን እንዲያቆም ወሰነ። ጥፋቱ ከገንዘቡ ይልቅ በመሰወሩ ላይ ነበር። ያ እርዳታ ከመጀመሪያው በግልጽ ቢሰጥ ኖሮ ተማሪው ልቀበል ወይስ ልተው ብሎ ለመምረጥ ይችል ነበር።

በሌላውም ወገን ቢሆን ነገሩ የተሻለ አልነበረም። የምሥራቅ አውሮፓ መንግሥታት ለአፍሪቃ ወጣቶች ብዙ የትምህርት ዕድል ሰጥተዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1963 በቡልጋሪያ ዋና ከተማ በሶፊያ የሚማሩት አፍሪቃውያን የራሳቸውን ማኅበር እንዳያቋቁሙ ተከለከሉ። ሰልፍ ወጡ፤ የታሰሩም ነበሩ፤ ብዙዎቹም ትምህርታቸውን ትተው አገሪቱን ለቀው ሄዱ። ወጪህን እችላለሁ ያለው መንግሥት፣ አፍህንም እዘጋለሁ ማለቱ ነበር።

ባለጸጋ ዩኒቨርሲቲም ከዚህ ፈተና አያመልጥም። የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። የሊቢያው መሪ ልጅ ሰይፍ አል ኢስላም ጋዳፊ ከዚያ የዶክትሬት ዲግሪ ካገኘ በኋላ፣ እርሱ የሚመራው ድርጅት ለትምህርት ቤቱ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ቃል ገባ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሊቢያ ደም መፍሰስ ሲጀምር ነገሩ ታላቅ ነቀፌታ አስከተለ፤ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሰር ሃዋርድ ዴቪስም በዚያው ዓመት በማርች ወር ሥራቸውን ለቀቁ። ዳኛ ሎርድ ውልፍ ጉዳዩን መርምረው ባወጡት ሪፖርት ትምህርት ቤቱ ስጦታ ሲቀበል የሰጪውን ማንነት የሚመረምርበት ሥርዓት ደካማ እንደ ነበር አስረዱ። የብዙ ዓመት መልካም ስም ባንድ ስጦታ ምክንያት ተጐዳ።

በዘመናችን ይበልጥ ያነጋገረው የቻይና መንግሥት የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2004 በሴኡል ከተከፈተ በኋላ ከ500 በላይ የሚሆኑ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተከፍተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ክፍሉን ይሰጣል፣ ቻይና መምህሩን፣ መጽሐፉንና ገንዘቡን ትልካለች። የቻይንኛ ቋንቋ ለመማር ለሚፈልግ ሁሉ ይህ ጥቅም መሆኑን መካድ አይቻልም። ክርክሩ የተነሣው መምህሩን ማን ይመርጣል፣ ምን ከመናገር ይከለከላል በሚለው ላይ ነው። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ኢንስቲትዩቱን የዘጋው፣ የመምህራኑ አቀጣጠር ባንድ እምነት ተከታዮች ላይ አድልዎ ያደርጋል ተብሎ ክስ ስለ ቀረበበት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በፖርቱጋል አገር በብራጋ በተደረገ የቻይና ጥናት ጉባኤ ላይ፣ የኢንስቲትዩቶቹ የበላይ ኃላፊ ስለ አንድ የታይዋን ድርጅት የሚናገሩት ገጾች ከጉባኤው መጽሐፍ እንዲቀደዱ አደረጉ። ሊቃውንት በተሰበሰቡበት አዳራሽ ገጽ መቅደድ ከብዙ መጽሐፍ ስጦታ የበለጠ ይታወሳል። በዚያው ዓመት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከ100 በላይ ፕሮፌሰሮቹ አቤቱታ ከፈረሙ በኋላ ውሉን ማደሱን አቆመ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 100 ይጠጉ የነበሩት ኢንስቲትዩቶች በ2023 ከአምስት ያነሱ ሆኑ።

አሜሪካኖች ለዚህ ሁሉ የሚሆን ሕግ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ደንብ ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ አገር በዓመት 250,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲቀበሉ እንዲያስታውቁ ያዛል። ሕግ መኖሩ ግን ብቻውን አይበቃም። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት ሳይነገር የቀረ 6.5 ቢሊዮን ዶላር መገኘቱን ገልጿል።

ፍርሃትም ቢሆን ልክ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 የቻይናን ስለላ ለመከላከል ብሎ የጀመረው የክስ ዘመቻ ብዙ ንጹሐን ሊቃውንትን አስጨንቋል። በታወቀው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምሩ አንድ ቻይና ተወላጅ ፕሮፌሰር ተይዘው ከተከሰሱ ከአንድ ዓመት በኋላ ክሱ ተሰርዞላቸዋል፤ ዘመቻውም በ2022 ቆመ። ውልን መመርመር አንድ ነገር ነው፤ ሰውን በትውልዱ መጠርጠር ሌላ ነው። የባሕር ማዶ ትምህርት ቤት ደጅ የሚጠና ኢትዮጵያዊ ተማሪም ነገ በፓስፖርቱ ብቻ እንዲጠረጠር አይወድም።

የኛ ዘመን ውሎች

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ለድሬ ዳዋ ሰው የኛ ዘመን ውል ምልክት ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራው አዲሱ የባቡር ጣቢያ ነው። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው የአዲስ አበባና የጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም ተመረቀ። ሥራውን ለስድስት ዓመት እንዲያካሂዱ ውል የገቡት እነዚያው ኩባንያዎች ነበሩ። በግንቦት 2016 ዓ.ም ማስተዳደሩን የኢትዮጵያና የጂቡቲ ሰዎች ተረከቡ። የመጀመሪያው ባቡር 99 ዓመት፣ ኮሌጁ 16 ዓመት፣ አዲሱ ባቡር 6 ዓመት። ቍጥሩ እያነሰ መምጣቱ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም ውል አጭር ስለ ሆነ ብቻ ርክክቡ መልካም ይሆናል ማለት አይቻልም። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ተረካቢው ሰው ሠልጥኖ መገኘቱ ነው ቁም ነገሩ።

ስለዚህ የባቡር ጉዳይ ዛሬ የትምህርት ቤት ጉዳይ ሆኗል። በሐዲዱ ጫፍ በጂቡቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ቻይናውያን ሉባን የተባለውን የሙያ ማሠልጠኛ ከፍተዋል፤ በአፍሪቃ የመጀመሪያው ነው። ከእርሱ በኋላ በአዲስ አበባ በቴክኒክና ሙያ ተቋሙ ውስጥ ተመሳሳይ ማሠልጠኛ ተከፍቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። እኛ እነዚህን የምናየው እንደ ጠላት ምሽግ አይደለም፤ እንደ ጸበልም አድርገን በጭፍን አንጠጣቸውም። የአለማያን ውል በመዘንንበት ሚዛን እንመዝናቸዋለን።

እርዳታ እንደሚመጣ ሁሉ እንደሚሄድም መዘንጋት የለበትም። የፖይንት ፎር ወራሽ የሆነው ዩኤስኤይድ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ሥራውን አቆመ። በእርሱ ገንዘብ ይንቀሳቀሱ የነበሩ የምርምር ሥራዎችም በብዙ አገር ባንድ ጊዜ ቆሙ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ተተኪ ሲያዘጋጅ የቆየው ኮሌጅ ሰጪው ሲሄድ በእግሩ ቆመ፤ ተተኪ ያላዘጋጀ ፕሮግራም ግን ሰጪው በሄደበት ቀን መብራቱ ይጠፋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዩኒቨርሲቲም ይሠራል።

አራት ጥያቄዎች

ከዚህ ሁሉ በመነሣት፣ በማናቸውም የዩኒቨርሲቲ ውል ላይ አራት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል እንላለን።

አንደኛ፤ ውሉ በግልጽ ይነበባል ወይ? በአሁኑ ጊዜ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም በጋዜጣ የምናየው ሥዕል ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ የሚያሳይ ነው። በሰነዱ ውስጥ የተጻፈውን የሚያነቡት ጥቂቶች ናቸው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ መንግሥት ጋር የተዋዋለውን ሰነድ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ቢያስቀምጥና መምህርና ተማሪ ቢያነበው፣ ምን ጕዳት ይመጣል? የሚያሳፍር ነገር የሌለበት ውል መነበብ አይፈራም። የአሜሪካ ተማሪዎች ማኅበር ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፤ መምህሩንና መጽሐፉን የሚመርጠው ማን ነው? የውጭ መምህር መምጣቱ በረከት ነው። ነገር ግን ምን እንዲያስተምርና ምን እንዳያነሣ የሚወስነው ከላከው መንግሥት ዋና ከተማ ከሆነ፣ ያ የመማሪያ ክፍል የኛ ግቢ ውስጥ ቢገኝም የኛ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ተረካቢው ማን ነው? በውሉ ላይ የውጭው ባለሙያ ስም ሲጻፍ፣ ከአጠገቡ የሚሠለጥነው ኢትዮጵያዊ ስምም መጻፍ አለበት። ተተኪ የማይጠቅስ ውል እንግዳውን ባለቤት፣ ባለቤቱን ደግሞ እንግዳ ያደርጋል።

አራተኛ፤ ውሉ መቼ ያልቃል? መጨረሻው ያልተጻፈ ውል፣ ወይም የሚያልቅበት ቀን የልጅ ልጅ ዘመን የሆነ ውል፣ ዋጋው በስንት ትውልድ እንደሚከፈል አይታወቅም። የመጀመሪያው ባቡር ይህን በሚገባ አስተምሮናል።

በውጭ መንግሥት ወጪ የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶችም እነዚህኑ ጥያቄዎች ለራሳችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። የምትፈርሙትን የስኮላርሺፕ ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። ትምህርታችሁን ስትጨርሱ ምን ግዴታ አለባችሁ? በዚያ አገር ሳላችሁ ማኅበር ለማቋቋም፣ ሐሳባችሁን ለመግለጽ፣ የምትጽፉትን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለመምረጥ ነፃ ናችሁ? ብድር በምድር ነውና ላስተማራችሁ አገር ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። ምስጋና ግን ፍርድን አሳልፎ መስጠት አይደለም። ያስተማረህን አገር ወድደህ፣ ስሕተቱን ደግሞ ስሕተት ነው ለማለት ካልቻልክ፣ የተሰጠህ ትምህርት ሳይሆን ልጓም ነው።

ወጣቶቹ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ ነገ በጠረጴዛው ዙሪያ ስትቀመጡ ከናንተ በዕድሜና በማዕረግ የሚበልጡ ሰዎች ይኖራሉ። ሰነዱም በሚያምር ወረቀት ተጽፎ፣ ብዕሩም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በዚያች ሰዓት ይቅርታ ጠይቆ፣ ተረካቢው ማን ነው፣ ውሉስ መቼ ያልቃል ብሎ መጠየቅ ድፍረት የሚጠይቅ ነገር ነው። እኛ ግን ከአለማያ ግቢ የምንማረው ትምህርት ይህ ነው እንላለን፤ ያ ኮሌጅ ዛሬ የኛ የሆነው የመጡት ሰዎች የሚሄዱበት ቀን አስቀድሞ ታውቆ፣ ወንበራቸውን የሚረከብ ሰው እነርሱ ሳይሄዱ ስለ ተዘጋጀ ነው።